ጎዳናው ከመፍረሱ በፊት፦ በእንግሊዟ የገበያ ከተማ በባንበሪ የታየ ማኅበራዊ ለውጥ፣ ከ1930 እስከ 1975

አጽሕሮተ ጥናት

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ የገበያ ከተሞች ጎዳናዎች እንዴት እንደ ተለወጡ ሲነገር፣ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂ የሚደረጉት መኪናና የ1960ዎቹ የግንባታ ፕላን ናቸው። ይህ ጽሑፍ በኦክስፎርድሺር የምትገኘውን ባንበሪን በምሳሌነት ወስዶ የለውጡን ቅደም ተከተል ይመረምራል። ዋና ክርክሩ የጎዳናው ማኅበራዊ ሥርዓት ሕንፃዎቹ ከመፍረሳቸው ቢያንስ ሃያ ዓመት ቀድሞ ተለውጦ ነበር የሚል ነው። ለዚህም አራት ተከታታይ መለያየቶች ይተነተናሉ፦ የከብቱ ከጎዳናው፣ የባለንብረቱ ከከተማው፣ የግብይቱ ከትውውቁ፣ በመጨረሻም የሕንፃው ከቦታው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

አንድ ጎዳና መቼ ተለወጠ ይባላል? የከተማ ታሪክ አጥኚዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው ዓይን የሚያየውን የተከተለ ነው። አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ የመስታወት ግንብ ያለው መደብር ሲቆም ለውጡ ተመዘገበ ይባላል። ፎቶግራፍም ይህንኑ ያግዛል፤ የ1950 ሥዕልና የ1980 ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታያል። ይሁን እንጂ ሁለት ፎቶግራፎች የለውጡን መነሻና መድረሻ እንጂ መንገዱን አያሳዩም። በመካከላቸው የሆነውን፣ በተለይም የቱ ቀድሞ የቱ እንደ ተከተለ፣ ከሌላ ማስረጃ መፈለግ ያስፈልጋል።

ባንበሪ ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የተመቸች ከተማ ናት። ምክንያቱም የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዋ ማርጋሬት ስቴሲ ከ1948 እስከ 1951 በከተማዋ ሰፊ የመስክ ጥናት አካሂደው ውጤቱን በ1960 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከ1966 እስከ 1968 ደግሞ ስቴሲና ባልደረቦቻቸው ወደዚያው ከተማ ተመልሰው ሁለተኛ ጥናት አድርገዋል፤ ይህም በ1975 ታትሟል። አንዲት መካከለኛ ከተማ በሃያ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ መጠናቷ የለውጡን ቅደም ተከተል ለመለየት እምብዛም የማይገኝ ዕድል ይሰጣል።

ከተማዋና ገበያዋ

ባንበሪ በቸርዌል ወንዝ ዳር፣ በለንደንና በበርሚንግሃም መካከል ትገኛለች። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሊንከን ጳጳስ የነበሩት አሌክሳንደር በሥፍራው ግንብ ካሠሩ በኋላ ከተማዋ በገበያዋ ዙሪያ አደገች። በ1554 ንግሥት ሜሪ የከተማነት ቻርተር ሰጧት። የኦክስፎርድ ቦይ በ1778 ደረሰላት፤ በ1850 ደግሞ በዚያው ዓመት የሁለት የባቡር ኩባንያዎች ሐዲድ ገባባት። በዙሪያዋ ያሉ የሦስት አውራጃ መንደሮች ምርታቸውን የሚሸጡትና የሚያስፈልጋቸውን የሚገዙት እዚያ ስለ ነበር፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አካባቢው ሁሉ በከተማዋ ስም «ባንበሪሺር» እየተባለ ይጠራ ጀመር። በየትኛውም የመንግሥት ካርታ ላይ እንዲህ ያለ አውራጃ አልነበረም፤ ወሰኑን የሚያሰምረው የገበያ ቀን ነበር።

የከተማዋ የጎዳና ስሞች የዚያን ሥርዓት ምስክርነት ይሰጣሉ። «ሆርስ ፌር» የፈረስ ገበያ፣ «ካው ፌር» የላም ገበያ፣ «ሺፕ ስትሪት» የበግ ጎዳና፣ «ኮርንሂል» የእህል ኮረብታ ማለት ናቸው። ስሞቹ የጌጥ አልነበሩም። በገበያ ቀን ከብቱ በእርግጥ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ይቆም፣ ይታይ፣ ይሸጥ ነበር። የሱቅ ደጃፍ የከብት በረት ይሆናል፤ ባለሱቁም ጭቃውንና ጩኸቱን የሚታገሠው ከብቱን የሸጠው ገበሬ ገንዘቡን ይዞ በዚያው በር ስለሚገባ ነው። የልጆች መዝሙር ያስታወቀው የባንበሪ መስቀልም በሆርስ ፌር ላይ ይቆማል። ጥንታውያኑን መስቀሎች በ1600 ፒዩሪታኖች አፍርሰዋቸው ስለ ነበር፣ አሁን የሚታየው ሐውልት በ1859 የተተከለ ነው። ከዚህም የምንረዳው አሮጌ የሚመስለው የከተማ ምልክት ሁሉ በእርግጥ አሮጌ አለመሆኑን ነው።

የመጀመሪያው መለያየት፦ ከብቱና ጎዳናው

በ1925 ሚድላንድ ማርትስ የተባለ ኩባንያ ከወንዙ ማዶ፣ በግሪምስበሪ፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ የሐራጅ በረት ከፈተ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጎዳና ላይ የሚካሄደው የከብት ሽያጭ ቆመ። ይህ በረት በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ካሉት የከብት ገበያዎች ትልቁ እየተባለ የሚነገርለት ሆነ። በንግድ ሚዛን ሲታይ የባንበሪ ገበያ አልሞተም፤ ይልቁንም ከቀድሞው ይበልጥ ሰፋ።

ሆኖም በዚህ መስፋፋት ውስጥ ጎዳናው አንድ ነገር አጣ። ቀድሞ ሻጭና ገዢ በአደባባይ፣ በሱቆቹና በመጠጥ ቤቶቹ ደጃፍ ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር፤ ዋጋው ሲነገር ያልሸጠውም ያልገዛውም ይሰማል። በሐራጅ በረት ግን ዋጋ የሚወስነው በባለሙያ አጫራች ጥሪ ነው፤ ከብቱም ከባቡር ወርዶ በረት ገብቶ፣ ከበረት ወጥቶ ባቡር ላይ ይጫናል። የከተማዋን መካከል ሳይረግጥ የሚመጣና የሚሄድ ከብት በዛ። የጎዳናዎቹ ስም ግን አልተለወጠም። ካው ፌር ላም የማይታይበት ካው ፌር ሆነ።

ይህ የሆነው የግል መኪና ብርቅ በነበረበት፣ አንድም ትልቅ ሕንፃ ባልፈረሰበት ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው መለያየት፦ ባለንብረቱና ከተማው

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ ሰሜናዊ ዳር አንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በከተማዋ ዋነኛ የነበረው፣ በበርንሃርድ ሳሙኤልሰን ስም ታዋቂ የሆነው የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የደራ ቢሆንም በዚያው አሥር ዓመት ተዘግቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሚያመርቱት ዕቃ ላይ ብቻ አልነበረም። ሳሙኤልሰን በከተማዋ የሚታወቁ፣ በፓርላማም የወከሏት ሰው ነበሩ። የአሉሚኒየሙ ፋብሪካ ባለቤቶች ግን በባንበሪ አይኖሩም፤ ዋና ውሳኔ የሚሰጠውም በሌላ ሥፍራ ነበር። ሥራ አስኪያጆቹ በዕድገት መጥተው በዕድገት የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ፋብሪካው የሚከፍለው ደመወዝ የአካባቢው ቀጣሪዎች ከሚከፍሉት የተሻለ ስለ ነበር ከአካባቢው እርሻዎችም፣ ከሩቅ የኢንዱስትሪ አካባቢዎችም ሠራተኛ ሳበ። በ1930 ገደማ 13,000 ያህል የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1951 ወደ 19,000 ተጠጋ። ስቴሲ ጥናታቸውን የጀመሩት በዚህ ወቅት ነበር።

ስቴሲ ያዩት አንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት የመመዘኛ ሥርዓቶችን ነው። አንዱን «ልማዳዊ»፣ ሁለተኛውን «ልማዳዊ ያልሆነ» ብለው ሰየሙት። በልማዳዊው ሥርዓት ሰው የሚመዘነው በመላ ማንነቱ ነው፤ የማን ልጅ ነው? አባቱ ምን ነበር? የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? የትኛው ማኅበር አባል ነው? ወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና የተወሰኑ የስፖርት ክበቦች በአንድ ወገን ይያያዙ ነበር፤ ሊበራሉና ከመንግሥት ሃይማኖት ውጭ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በሌላው። ሁለቱ ወገኖች ቢፎካከሩም አንዱ ሌላውን ያውቀዋል፤ የሚፎካከሩትም በአንድ መድረክ ላይ ነው። ልማዳዊ ባልሆነው ሥርዓት ግን ሰው የሚመዘነው በትምህርቱ፣ በሙያውና በደመወዙ ነው። መመዘኛው ከባንበሪ ውጭ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራ እንጂ አንድ ከተማ የሚያውቀው አይደለም። የአንድ መሐንዲስ ደረጃ በባንበሪም ሆነ በበርሚንግሃም ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ልማዳዊ ማለት የከተማው ተወላጅ፣ ልማዳዊ ያልሆነ ማለት መጤ ማለት አይደለም። ከመጤዎቹ መካከል ልማዳዊውን ሥርዓት የተቀበሉ ነበሩ፤ ከተወላጆቹም መካከል ሥርዓቱ ያልተስማማቸውና ከእሱ የወጡ ነበሩ። ክፍፍሉ የትውልድ ሥፍራ ሳይሆን የመመዘኛ ክፍፍል ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ወሳኙ ነጥብ የክፍፍሉ ጊዜ ነው። ስቴሲ ይህን ያዩት ከ1948 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሃይ ስትሪትና ፓርሰንስ ስትሪት በመልካቸው ከጦርነቱ በፊት ከነበሩበት ብዙም አልተለዩም። ቤንዚን እስከ ግንቦት 1950 ድረስ በራሽን ይታደል ነበር። አዲስ ሕንፃ ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ማለትም መኪናውም የግንባታ ፕላኑም ገና ሳይመጡ ከተማዋ አንድ ማኅበራዊ ሥርዓት መሆኗን አቁማ ነበር።

የራሽን ዘመን፦ ሳይቀየር የቆየ ጎዳና

ታዲያ ጎዳናው ራሱ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ሳይለወጥ የታየው ለምንድን ነው? ከመልሱ አንዱ ክፍል በራሽን ሥርዓት ውስጥ ይገኛል።

በብሪታንያ የምግብ ራሽን በጥር 1940 ተጀምሮ ስጋ ነጻ እስከ ሆነበት እስከ ሐምሌ 4 ቀን 1954 ድረስ ቆይቷል። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ራሽን ያልገባበት ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ተሽጧል። ሥርዓቱ የምግቡን መጠን ብቻ አይደለም የወሰነው፤ ሰውና ሱቅንም አቆራኝቷል። ስጋ፣ ቅቤ፣ ስኳር የመሳሰሉትን ለመግዛት እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ባለሱቅ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት። ባለሱቁም ዕቃ የሚያገኘው በተመዘገቡለት ደንበኞች ቁጥር ልክ ነበር። የታሸጉ ምግቦችን የመሰሉ በነጥብ የሚሸጡ ዕቃዎች ከፈለጉበት ሱቅ ሊገዙ ይችሉ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ግን እንዲያ አልነበሩም።

ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነበር። በአንድ በኩል ከሥጋ ሻጭና ከምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ጋር የነበረው ትውውቅ ጸና። ደንበኛዋ በየቀኑ ትመጣለች፤ ባለሱቁ የቤተሰቧን ቁጥር፣ የታመመውን ልጅ፣ ከውትድርና የተመለሰውን ባል ያውቃል። የቤት ማቀዝቀዣ በ1950ዎቹ አጋማሽ እንኳ ከአሥር ቤት በአንዱ አይገኝም ነበርና በየቀኑ መገብየት ግድ ነበር። በሌላ በኩል ይህ ታማኝነት በፈቃድ የመጣ ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ያጸናው ነበር። ደንበኛው ሌላ ሱቅ መሞከር ቢያምረው መብቱ ጠባብ ነበር፤ ባለሱቁም ዋጋ ቀንሶ የጎረቤቱን ደንበኛ መሳብ አይችልም ነበር። ቅልጥፍና የሌለው ሱቅ ሳይዘጋ ቆየ፤ ብልሁም ሳይሰፋ ቆየ።

ጊዜውም ቢሆን ከሕግ ጋር የተሳሰረ ነበር። የ1950 የሱቆች አዋጅ ሱቆች በሳምንት አንድ የሥራ ቀን ከሰባት ሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ያስገድድ ነበር። የመጠጥ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መዝጋት ነበረባቸው፤ ሕጉ ግን በገበያ ቀን በገበያው አካባቢ ላሉት ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችል ነበር። ስለዚህ ሳምንቱ የራሱ ቅርጽ ነበረው፦ ከተማው የሚሞላበት ቀን፣ ከተማው የሚተኛበት ከሰዓት በኋላ፣ ጎዳናው ጸጥ የሚልበት እሑድ። የዚያን ዘመን ሰዎች «ድሮ ሁሉም ይተዋወቅ ነበር» ሲሉ የሚያስታውሱት ከሞላ ጎደል ይህን በሕግ የተደገፈ ሥርዓት ነው። ትዝታው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የተለየ ጊዜን እንደ ጥንታዊ ባሕል ይቆጥራል።

ሦስተኛው መለያየት፦ ግብይቱና ትውውቁ

1954 በዚህ ረገድ የመታጠፊያ ዓመት ነው። በሐምሌ ራሽን አበቃ፤ በኅዳር ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ቁጥጥር ተነሣ። ደንበኛው ከባለሱቁ፣ ባለንብረቱም ከነባሩ ሕንፃ በአንድ ዓመት ነጻ ወጡ።

ከዚህ በኋላ የጎዳናው ለውጥ በሦስት መንገድ ገባ። አንደኛው የመሬትና የቤት ዋጋ ነው። በዋና ጎዳና ላይ ያለ አሮጌ ሱቅ በንግዱ ከሚያስገኘው ትርፍ ይልቅ በቆመበት ቦታ ዋጋው እየበለጠ ሄደ። ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ ቻርልስ ክሎር ነበሩ፤ በ1953 በመላ አገሪቱ ብዙ የጫማ መደብሮች የነበሩትን የሲርስ ኩባንያን የጠቀለሉት የመደብሮቹ ሕንፃዎች በሒሳብ መዝገብ ከተጻፈው ዋጋ እጅግ እንደሚበልጡ አይተው ነው። ይህ ስሌት በየገበያ ከተማው የቤተሰብ ሱቅ ባለቤቶች ፊትም ቀረበ። ልጁ ሱቁን ለመውረስ ካልፈለገ፣ መሸጥ ከመነገድ ይሻላል።

ሁለተኛው የአሻሻጥ ስልት ነው። ሴይንስበሪ በ1950 በክሮይደን ገዢው ዕቃውን ራሱ የሚያነሣበትን መደብር ከፈተ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ስልቱ በአገሪቱ ተስፋፋ። በባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሻጭ ቀረ፤ ከሻጩም ጋር ወሬው፣ ምክሩ፣ ዱቤውም ቀረ። ዱቤ ሰውን ማወቅ ይጠይቃል፤ ራስን በራስ ማስተናገድ ግን ሰውን ሳያውቁ መሸጥ እንዲቻል የተፈጠረ ስልት ነው።

ሦስተኛው የዋጋ ሕግ ነው። እስከ 1964 ድረስ አምራቾች የችርቻሮውን ዋጋ የመወሰን ሰፊ መብት ስለ ነበራቸው ትንሹ ሱቅና ትልቁ መደብር ብዙ ዕቃዎችን በእኩል ዋጋ ይሸጡ ነበር። የ1964ቱ የዳግም ሽያጭ ዋጋ አዋጅ ይህን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ በጅምላ የሚገዛ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር በዋጋ ማሸነፍ ቻለ፤ ትንሹ ባለሱቅ የቀረው መከላከያ ትውውቁ ብቻ ነበር። ትውውቁ ግን ከላይ እንደታየው አስቀድሞ ሳስቷል። በአሉሚኒየም ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ቤተሰብ ለባለሱቁ አባትና አያት የሚያቀርበው ክብር የለውም፤ ባለሱቁም ስለ እሱ አባትና አያት የሚያውቀው የለም።

አራተኛው መለያየት፦ ሕንፃውና ቦታው

ከዚህ በኋላ ነው መኪናውና የማፍረሻው መሣሪያ የመጡት። በ1950 በብሪታንያ የነበሩት የግል መኪናዎች ከ2 ሚሊዮን ብዙም አይበልጡም ነበር፤ በ1970 ከ11 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በ1963 የወጣው የኮሊን ቡካናን ዘገባ ከተሞች ይህን ሁሉ መኪና ካላስተካከሉት ወይም ካልገደቡት ኑሮ እንደሚታወክ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የሪቻርድ ቢቺንግ የባቡር ዘገባ ወጣ። በባንበሪ ግን የሐዲዱ መመናመን ከዘገባው በፊት ጀምሮ ነበር፤ ከሁለቱ ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሜርተን ስትሪት በ1960 መጨረሻ መንገደኛ ማስተናገድ አቁሞ፣ በ1966 ፈጽሞ ተዘጋ። ከብቱም በጭነት መኪና ይመላለስ ጀመር።

ሕዝቡም በዛ። የ1952ቱ የከተሞች ልማት አዋጅ ትላልቅ ከተሞች የተጨናነቀ ሕዝባቸውን ፈቃደኛ ወደ ሆኑ ትናንሽ ከተሞች እንዲያዛውሩ መንገድ ከፍቶ ነበር። ባንበሪም ከለንደን የመጡ ቤተሰቦችን ተቀበለች። በ1960ዎቹ አጋማሽ የበርድስ የምግብ ፋብሪካ ከበርሚንግሃም ወደ ባንበሪ ተዛወረ። ብሬች ሂልን የመሰሉ፣ የከተማው ምክር ቤት የሚያከራያቸው ቤቶች የተሠሩባቸው ሠፈሮች በከተማዋ ዳር ተስፋፉ። በ1971 ሕዝቡ 30,000 ገደማ ደርሶ ነበር።

በመካከለኛው ከተማ የሚፈርሰው ሕንፃ የበዛው በዚህ ጊዜ ነው። በፓርሰንስ ስትሪት የነበረው፣ ከተማዋ በስሟ የምትታወቅበት የባንበሪ ኬክ የሚጋገርበት አሮጌ ቤት በ1960ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። በ1970ዎቹ ከገበያው አደባባይ በስተሰሜን፣ በቀድሞው የግንቡ ሥፍራ ላይ አዲስ የገበያ ማዕከል ተሠራ። በ1974 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ደግሞ ከ1554 ጀምሮ ራሷን ስታስተዳድር የኖረችው ከተማ በቸርዌል ወረዳ ውስጥ ተጠቃለለች።

ጥበቃውም በዚያው ወቅት ጀመረ። የ1967ቱ የከተማ ውበት አዋጅ የቅርስ ጥበቃ ክልሎችን ፈጠረ። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ሰዎች የጎዳናውን መልክ ለማዳን የተነሡት ጎዳናው ይሸከመው የነበረው ኑሮ ካለፈ በኋላ ነው። መልክ በአዋጅ ሊጠበቅ ይችላል፤ በሱቁ ባንኮኒ ላይ የነበረውን ትውውቅ የሚጠብቅ አዋጅ ግን የለም።

ማን ምን አጣ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የኪሳራው ነው። የተለመደው መልስ «ከተማው ነፍሱን አጣ» የሚል ነው። ይህ አባባል ከተማው አንድ ነፍስ እንደ ነበረው ይቆጥራል። የስቴሲ የመጀመሪያ ጥናት ግን በ1950 እንኳ እንዲህ ያለ አንድነት እንዳልነበረ ያሳያል።

ያጡትን ለይቶ መመልከት ይሻላል። የቤተሰብ ሱቅ የነበራቸው ሰዎች ገንዘብ ሳይሆን ሥልጣን አጡ። ብዙዎቹ ቦታቸውን በጥሩ ዋጋ ሸጠዋል፤ ነገር ግን ከሱቃቸው ጋር በምክር ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በማኅበሩ የነበራቸው ቦታ ለወራሽ የሚተላለፍ መሆኑ ቀረ። መኪና የሌላቸው አረጋውያን በእግራቸው የሚደርሱበትን ሱቅ፣ ከሱቁም ጋር በየቀኑ ስማቸውን የሚጠራቸውን ሰው አጡ። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ በዋጋ ቅናሽም አይካካስም።

በአንጻሩ ያገኙም ነበሩ። በልማዳዊው ሥርዓት ውስጥ መታወቅ ማለት መመዘንም ነው። ዱቤ የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፤ አባቱ የማይታወቅ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ወይም ደረጃውን «የማያውቅ» ሰው በዚያው ባንኮኒ ፊት ዝቅ ተደርጎ ይታያል። ሁሉም የሚተዋወቅበት ጎዳና ሁሉም የሚተያይበት ጎዳናም ነበር። ለመጣ ሠራተኛ ቤተሰብ ስሙን ሳይጠይቅ፣ ለሁሉም በተጻፈ ዋጋ የሚሸጥ መደብር የነጻነት ስሜት ሊሰጥ ይችል ነበር። ይህን ሳይመዝኑ የአሮጌውን ጎዳና ሙቀት ብቻ ማውሳት የአንዱን ወገን ትዝታ የከተማው ሁሉ ታሪክ ማድረግ ነው።

የሁለተኛው ጥናት ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስቴሲና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ የልማዳዊና የልማዳዊ ያልሆነ ክፍፍል ከተማዋን ለመግለጽ በቂ እንዳልሆነ አገኙ። አንዱ ወገን ሌላውን አሸንፎ አልነበረም፤ ክፍፍሉ ራሱ ትርጉሙን እያጣ ነበር። ስቴሲ በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ራሱን አጠያያቂ አድርገው፣ በአንድ ሥፍራ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ማኅበራዊ ሥርዓት ይሠራሉ ብሎ አስቀድሞ መገመት እንደማይገባ ተከራክረዋል። አንድ ሥፍራ የራሱ ማኅበራዊ ሥርዓት ሊኖረው፣ በከፊል ሊኖረው ወይም ጨርሶ ላይኖረው ይችላል፤ የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው በጥናት ነው።

ማጠቃለያ

የባንበሪ ምሳሌ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ከብቱ ከጎዳናው ወጣ፤ ቀጥሎ የዋናው ሥራ ባለቤት ከከተማው ውጭ ሆነ፤ ከዚያ ግብይት ከትውውቅ ተለየ፤ ሕንፃው የፈረሰው በመጨረሻ ነው። የ1940ዎቹ የራሽንና የፈቃድ ሕጎች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ጊዜ አራዝመው፣ ውስጡ የተለወጠውን ጎዳና በአሮጌ መልኩ አቆዩት። ስለዚህ መኪናውና የ1960ዎቹ ፕላን ለውጡን ፈጸሙት እንጂ አልጀመሩትም። ይህ ፕላነሮቹን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም፤ ያለ በቂ ምክንያት የፈረሰ ሕንፃ በቅደም ተከተል ትንተና አይመለስም። ነገር ግን ሕንፃው ባይፈርስ ኖሮ ኑሮው ይተርፍ ነበር የሚለውን ግምት ማስረጃው አይደግፈውም።

የገበያ ከተሞችን ለሚያጠና ተመራማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የዘዴ ትምህርት ነው። ለአንድ ጎዳና መቅረብ ያለባቸው ጥያቄዎች ቢያንስ አራት ናቸው፦ ሕንፃው የማን ነው? ባለንብረቱ የት ይኖራል? የሳምንቱን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው? ሻጩ ገዢውን ያውቀዋል ወይ? የንብረት መዝገብ፣ የግብር ሰነድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የገበያ ቀን ደንብና የነዋሪዎች ቃል እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልሱ ይችላሉ። ፎቶግራፍ የሚመልሰው አንዱንም አይደለም።

ግሪምስበሪ የነበረው የከብት ገበያ በ1998 ተዘግቶ በሥፍራው መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ካው ፌርና ሆርስ ፌር ግን ዛሬም በካርታው ላይ አሉ። በጎዳና ስም ላይ ብቻ ተመሥርቶ የከተማዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የከብቱ ንግድ ከእነዚያ ጎዳናዎች መቼ እንደ ወጣ አያውቅም፤ ለምን እንደ ወጣ ደግሞ ለመጠየቅ ምክንያት አይኖረውም።